ልጅሽ ወደ ሐዋሳ ስትመጣ

ሐዋሳ፣ እሑድ ማታ

ብርቄ ሆዴ፣

ስሜን አይተሽ «ይቺ ደግሞ ከየት ተገኘች?» ብለሽ ወረቀቱን እንዳትቀጂው። የእማማ አርባ ሲወጣ ሳልመጣ ቀረሁ፤ ከዚያ አፈርኩና መደወሉም ከበደኝ፤ ይኸው ስንት ጊዜ ሆነን። ነፍሷን ይማርልን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። የቀረውን ቡና ላይ ትሰድቢኛለሽ።

ያስጻፈኝ ግን ልጅሽ ሰብለ ናት። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት አሉኝ! ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም፤ ወዲያው ደግሞ ጭንቀት ያዘኝ። አዲስ ገቢ ሁሉ ማትስና ፊዚክስ ብቻ ይፈራና የእንግሊዝኛውን ጽሕፈት «እንግሊዝኛማ ከኬጂ ጀምሮ ተምሬያለሁ» ብሎ ይንቀዋል። ነጥቡ ሳያስቡት የሚያልቀው እዚያ ነው።

አሳይመንት ሲሰጣት መጀመሪያ የታዘዘችውን ቃል ታክብብበት። ግለጪ፣ አወዳድሪ፣ ተከራከሪ ሦስት የተለያየ ሥራ ነው። አወዳድሪ ተብላ ስለ አንዱ ጽፋ፣ ስለ ሌላው ጽፋ፣ ሁለቱን ሳታገናኝ ብታስረክብ፣ እንግሊዝኛዋ ቢያምርም አላወዳደረችም።

ርዕስ ማጥበብ ላይ ብዙዎቹ ይወድቃሉ። «ሐዋሳ ውብ ከተማ ናት» ብላ አንቀጽ ከጀመረች ሐይቁንም፣ ታቦር ተራራንም፣ ባጃጁንም፣ ዓሣውንም ልትከት ነው፤ አንዱም በቅጡ ሳይነገር ያልቅባታል። «አሞራ ገደል ዓሣ ለመግዛት በጠዋት መሄድ ይሻላል» ትበል። አሁን ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ሁሉ «ለምን?» ለሚለው መልስ ይሆናል፦ ማታ የተጣለው መረብ ጠዋት ይሰበሰባል፣ ዓሣው ገና ትኩስ ነው፣ ፀሐዩ አልበረታም። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ግን ምንም ቢያስቁ ከዚህ አንቀጽ ይውጡ። ከ120 እስከ 150 ቃል ለአንድ አንቀጽ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሐሳብ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው።

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ትጻፈው። ምን እንደምታስተዋውቅ ሳታውቅ መግቢያ ከጀመረች ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጣ ታድራለች፤ ወይም «ናዋዴይስ» (ባሁኑ ጊዜ) ብላ ትነሳለች። ስንቱ ድርሰት በናዋዴይስ እንደሚጀምር ብታይ! ያንቺን ደብዳቤዎች ነው የሚመስሉት፤ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እያልሽ ገጹን ግማሽ ካደረስሽ በኋላ ነበር ወሬው የሚመጣው። (እኔ ዛሬ እንደዚያ ያልጀመርኩት ፊት ስላጣሁ ነው።) የ500 ቃል ድርሰት መግቢያ 60 ወይም 80 ቃል ቢሆን በቂው ነው፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አቋሟን ይናገር።

ከአማርኛ የምንወርሰው ስህተትም አለ። «ገብታ፣ ቁጭ ብላ፣ ቡናዋን ጠጥታ ሄደች» በእኛ ቋንቋ ያምራል፤ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ሁሉንም ይሰበስበዋል። በእንግሊዝኛ እንዳለ ስትገለብጠው ግን በነጠላ ሰረዝ ብቻ የተቀጣጠሉ አራት ዓረፍተ ነገሮች ይሆንና ቀይ ይቀባል። «ምንም እንኳ... ግን» ስለምንል «ኦልዞው» ብለው ጀምረው «በት» ይጨምሩበታል፤ አንዱ ይበቃል። «ስለ» ለምዶብን «ዲስከስ አባውት» ይላሉ፤ አባውት አያስፈልገውም። የታረመ ወረቀት ሲመለስላት ነጥቡን አይታ አትጣለው፤ ስህተቶቿን ደብተሯ ጀርባ ላይ ትመዝግብና በሚቀጥለው ሥራ አንድ በአንድ እየፈለገች ታርማቸው። በአንድ ንባብ ሁሉን ላርም ያለች ምንም አታርምም።

ረቂቁን በአንድ ቁጭታ፣ ሳትሰርዝ ትጨርሰው፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ ድምፅ አውጥታ ታንብበው። ትንፋሽ የሚያጥራት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ማስረከቢያው ዋዜማ የተጀመረ ሥራ ግን የሚያድርበት ሌሊት የለውም፤ ያኔ ነው እጅ ወደ ስልክ የሚሄደው። ከኢንተርኔት የተለጠፈ አንቀጽ ያስታውቃል። ቻትጂፒቲ የጻፈላትም ቢሆን፣ መምህሩ «ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» ሲላት ዝም ካለች አለቀ።

ምንጭ መጥቀስ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ኤፒኤ የሚባለው አጠቃቀስ ደግሞ የኋላውን ስም ያስቀድማል፤ ስለዚህ ደራሲው በአባቱ ስም ይጠራል። አንዳንድ መምህር የደራሲው የራሱ ስም ይቅደም ይላል። አስቀድማ ጠይቃ አንዱን እስከ መጨረሻው ትያዝ። ሌላው ዘመን ነው፦ በ2010 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍን 2010 ብቻ ብላ ካለፈች አንባቢው የፈረንጅ ይመስለዋል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ተሳሳተ።

መምህሯ ቢሮ የሚገኝበትን ሰዓት መጀመሪያው ሳምንት ላይ ትጠይቅ። ስትሄድ «ጥሩ ነው?» አትበለው፤ «ሁለተኛው አንቀጽ ከአቋሜ ጋር ይሄዳል?» ካለችው የሚረባ መልስ ታገኛለች።

እንግዲህ... እንዴት ልበልሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ብትመጣ ብዬ ነበር። ረቂቋን ይዛ ትምጣ፣ ምሳዋንም ትበላለች። ካልፈለግሽ አይከፋኝም፤ ማለቴ ይከፋኛል፣ ግን ይገባኛል። ብርድ ልብስ አታሸክሚያት፣ እኔ ጋ ትርፍ አለ። በርበሬ ካስፈጨሽ ግን ትንሽ ቋጥረሽ ላኪልኝ፣ እንደ እማማ ዓይነት።

ያንቺው፣
እታለም