የአይሲቲ ክበብ፦ ቢሮው ቢዘጋም ስልኩ መልእክት ይቀበላል

ብዙ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚደውለው ሥራ ሳይገባ በጠዋት፣ ወይም ማታ ከሥራ ሲወጣ ነው። በዚያ ሰዓት የጸሐፊዋ ቢሮ ዝግ ነው። ስለዚህ ክበባችን ዘንድሮ በቢሮው መደበኛ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት መቀበያ ለመግጠም ተነሣ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ከአገልግሎት በወጣ ኮምፒውተር ላይ የስልክ ጥሪ የሚያስተናግደውን አስተሪስክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ጫንን። ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ተማሪ ገብቶ ሊያየው ይችላል፤ ለተማሪ ክበብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የመደበኛ ስልክ ሽቦ ግን በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ አይሰካም፤ መሃል ላይ ጌትዌይ ያስፈልጋል። ጌትዌዩ መስመሩን ኤፍኤክስኦ በሚባለው ሶኬት ይቀበልና ጥሪውን በኔትወርክ ኬብል ለሰርቨሩ፣ ማለትም አስተሪስክ ለተጫነበት ኮምፒውተር፣ ያቀብላል። አጠገቡ ያለው ኤፍኤክስኤስ ደግሞ የስልክ ቀፎ የሚሰካበት ነው።

ማገናኘቱ ቶሎ አለቀ። ተማሪዎቹ ጌትዌዩ ላይ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ (የኔትወርክ ቁጥሩን)፣ ጥሪው የሚገባበትን ፖርት 5060ንና የይለፍ ቃሉን አስገቡ። ቢሮ ውስጥ ሰው ካለ ቀድሞ እንዲያነሣ፣ ጌትዌዩ ትንሽ እስኪጠራ እንዲታገሥ አደረጉት።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደዋዩ ተናግሮ ሲዘጋ ሰርቨሩ አይዘጋም። «ልጄ አሞት ቀርቷል» ከሚለው ቀጥሎ ቱ… ቱ… ቱ… እያለ ይቀዳል። ሌላ ወላጅ ሲደውል ስልኩ ተይዟል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፀጥታ ሲሆን መቅዳት የሚያቆመውን ቅንብር ሞከረ። አልሠራም፤ ቱ ቱ ማለት ፀጥታ አይደለማ! ነገሩ የተገለጠላቸው የተቀዳውን ኦዳሲቲ በተባለ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍተው ሲያዩት ነው። ጌትዌዩ ደዋዩ መዝጋቱን የሚያውቀው በዚያ ቱ ቱ ድምፅ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው ግን ለአሜሪካ መስመር ተስተካክሎ ነው። እዚያ የ«ተይዟል» ድምፅ 480 እና 620 ኸርዝ አብረው ግማሽ ሰከንድ ጮኸው ግማሽ ሰከንድ ዝም ይላሉ። ከእኛ መስመር የተቀዳው ግን አንድ ቃና ብቻ ነው። ያንን ለክተው አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ደዋዩ ሲዘጋ ጌትዌዩም ይዘጋል። ቁጥሩን ከየትም አልገለበጡም፤ ከራሳችን መስመር ላይ ለክተው ነው ያመጡት። እንደ መምህር የዓመቱ ትልቁ ደስታዬ ይህ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ከውጭ ደውለው መልእክት ለመስማት የሚስጥር ቁጥር ሲጫኑም ሰርቨሩ አይሰማቸውም ነበር። ጌትዌዩ ቁጥሮቹን ከንግግሩ ጋር እንደ ድምፅ ይልካል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ለብቻቸው ተለይተው እንዲመጡለት ይጠብቃል። ሁለቱንም ቁጥሮቹን ከድምፁ ለይቶ በሚልከው ደንብ፣ በአርኤፍሲ 2833፣ ስናደርጋቸው ተግባቡ።

መቀበያው የሚናገረውን አማርኛ የሠሩት የክበቡ ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በር ዘግተው ቀዱት። አስተሪስክ ቁርጥራጭ ድምፆችን በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል ስለሚደረድር «አለዎት ሦስት አዲስ መልእክት» ማለት ጀመረ። መላው ከእነሱ መጣ። በመጀመሪያው ፋይል ቦታ ባዶ ድምፅ አስቀመጡ፣ በመጨረሻው «መልእክት አለዎት» ብለው ቀዱ። አሁን «ሦስት አዲስ መልእክት አለዎት» ይላል፣ አጥርቶ።

ጸሐፊዋ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዳምጡት እሱን ነው። የቀረብን የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ቀፎው እንደ ድሮው ይሠራል፣ መልእክት ግን አይቀዳም። ለከርሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ ዕቃ) እንዲገዛልን ለአስተዳደሩ ጥያቄ አቅርበናል። የ12ኛ ክፍል አባላትም ቅንብሩን በሙሉ በክበቡ መዝገብ ጽፈው ለታናናሾቻቸው አስረክበዋል።