ለጥምቀት የምንለብሰው ቀሚስ ማን የሠራው ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ በዓል ገበያ ባወጣችሁት ዘገባ ላይ አንድ ፎቶ ነበር። ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር የተሰቀሉ ቀሚሶች ናቸው። ከሥሩ «የባህል ልብስ ገበያው ደርቷል» ይላል። ስልኬ ላይ አስፍቼ ደጋግሜ አየሁት። ከተሰቀሉት አብዛኞቹ የሸማኔ እጅ ያልነካቸው ናቸው። ገበያው ውስጥ «ፕሪንት» የምንለው ነው። ጥለቱ ውጭ አገር በማሽን ታትሞበት፣ በጣቃ ተጠቅልሎ የገባ ጨርቅ ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ፎቶ ነው።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ከዶርዜ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ የገባው ገና በልጅነቱ ነው። እንጦጦ ሥር ያለው ሰፈራችን የሞላው እንዲህ ነው። አንዱ ይመጣል፣ ሥራ ሲይዝ ወንድሙን ያስመጣል፣ ወንድሙ ደግሞ የአጎቱን ልጅ ይጠራል።

ቤታችን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር የሽመና ጉድጓድ ነበረ። አባቴ ጠርዙ ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ነጩን ሲሠራ ያጫውተናል፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረ ይስቃል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ድሩን በጣቱ እየለየ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ በጋሞኛ ይቆጥራል። ይህን ያህል ክር ያነሳል፣ ቀዩን ያሳልፋል። ይህን ያህል ይተዋል፣ አረንጓዴውን ያሳልፋል። የሚያየው ወረቀት የለም። ንድፉ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። አንድ ክር ከሳተ የግማሽ ቀን ሥራውን ይፈታዋል። እናቴ በር ላይ ባዘቶዋን ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ግን የእሷ ፈትል ነው። ጥለቱ ሰፋ ያለ ቀሚስ ሁለት ሳምንት ይወስድባቸው ነበር።

አሁን በዚያው ሰፈር ያለውን ልንገራችሁ። አንድ ጎረቤታችን፣ ጎበዝ ወጣት ሸማኔ፣ አዲስ ጥለት አወጣ። መስቀሉን ከፍሎ በመሐሉ ሳባ የምንለውን የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ክር ያስገባበት፣ እኔ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው። ደስ ብሎት ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ጥለት መርካቶ በሜትር ሲሸጥ አገኘነው። መስቀሉ ያው፣ ወርቃማው ያው፣ ስፋቱም ያው። ሳባው ብቻ የለም፤ ቢጫ ቀለም ነው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ፎቶ አይለጥፍም። ካልለጠፈ ደግሞ ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉት ደንበኞቹ አያዩለትም። ዓለም አንድ መንደር ሆነች ሲባል እሰማለሁ። ለእሱ የሆነችው እንዲህ ያለች መንደር ናት።

ባዕድ ነገር ስለገባ አይደለም የማዝነው። ሽመናችን መቼም በሩን ዘግቶ አያውቅም። የምንወደው ሳባ ራሱ ከውጭ የሚመጣ ክር ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሠርተው ዛሬ አንዱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ ቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ያሉትን የኢትዮጵያ የሐር መጋረጃዎች አስቡ። ሐሩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የሸመነው እጅ ግን የእኛ ነበር። የሩቅ አገር ክር መጥቶ የእኛ ጥለት ሆነ። አሁን የተገላቢጦሽ ነው። ጥለታችን ሄዶ ታትሞ ይመለስና የእኛኑ ሸማኔ ከጉድጓዱ ያስነሳዋል።

ፕሪንት የሚገዛውንም አልወቅስም። ኑሮው ይታወቃል። አራት ልጅ ያላት እናት ለሁሉም የእጅ ሥራ ልግዛ ብትል ከየት ታመጣለች? ኪሷ የቻለውን ትግዛ። ግን ምን እንደገዛች ትወቅ። የእኔ ጥያቄ ይኸው ነው፣ ሌላ ብዙ የለኝም። ፕሪንቱ ፕሪንት ተብሎ ይሸጥ።

እየሆነ ያለው እንዲያ አይደለም። አንዲት ዘመዳችን ለሠርግ ከአሜሪካ መጣች። ነጠላ ገዝታ፣ «በእጅ የተሠራ ነው ብለውኛል» እያለች ለእናቴ አሳየቻት። የከፈለችውም የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። እናቴ ጥለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ልስልስ ነው፤ ክር ቢሆን ጎርበጥ ይል ነበር። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ደብዝዟል። ምንም አልተናገረችም። አጣጥፋ መለሰችላትና «በጤና ቅደጂው» ብላ መረቀቻት። እንግዳዋ ከወጣች በኋላ ግን የቡና ስኒዋን ሳትጨርስ ትታ ተነሳች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የፈተለች ሴት ናት።

አንባቢዎቻችሁም ሲገዙ ይገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጥለት ጀርባው ላይም ክሩ አለ። ነጠላ እንደሆነ ዝም ብሎ የሚደረብ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይመሳቀላል፣ ለቅሶ ሲሄዱ ይዘቀዘቃል። ይገለበጣል፣ ይዞራል። ፕሪንቱ ያን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን ነው ያደግነው። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሰፈራችን በእልልታ ቀልጦ ነበር። በዓሉን ዓለም አወቀልን። በማግስቱ በዓሉ ላይ የሚለበሰው ቀሚስ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

የእኛን በስሙ ማስጠበቅ የማይቻል ነገር አይደለም፤ በቡናችን አይተነዋል። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የኢትዮጵያ ናቸው ብለን በአሜሪካ የንግድ ምልክት ጠይቀን ተከራከርን። ስታርባክስን የሚያህል የቡና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማምቶ ፈረመ። ቡናው ላይ ስሙ ዋጋ እንዳለው ገባን። «ጥበብ» የምንለው የእጅ ሽመናስ ስም አይደለም? ፓናማ፣ ጉና የሚባሉት ነባር ሕዝቦቿ ሴቶች በእጃቸው የሚሰፉትን ሞላ የሚባል ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕግ ጠብቃለች፤ አስመስሎ የተሠራውን ማስገባትም ከልክላለች። ጋናዎች ኬንቴ የሚባለውን የእጅ ሽመናቸውን እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ አስመዝግበዋል። እነሱም እንደ እኛ በታተመ ጨርቅ የተቸገሩ ናቸው።

ከእኛ የሚፈለገው ትንሽ ነው። ጨርቁ ላይ «ህትመት» የሚል ምልክት ይለጠፍ። የእጅ ሥራውም የራሱ ምልክት ይኑረው። በየቀበሌው ዘበኛ ማቆም አያስፈልግም፣ ገዢው ራሱ አንብቦ ይመርጣል። ለመዘምራን፣ ለሚዜ፣ ለበዓል ዝግጅት በጅምላ ልብስ የምታሠሩም ቢያንስ አንዱን ክፍል፣ ጥለቱን እንኳ፣ ለሸማኔ ስጡት። አንድ የመዘምራን ትእዛዝ ለአንድ ሸማኔ ቤት የክረምት ቀለብ ነው።

ድሮ ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው ዐዋጅ አስነገሩ። አባቴንም ስድቡ በልጅነቱ ደርሶበታል፤ ዐዋጁ ከወጣ ስንት ዘመን በኋላ ማለት ነው። ስድቡን ችሎ ከጉድጓዱ አልወጣም። ልጆቹን ያስተማረው በዚያ መወርወሪያ ነው። አሁን ማንም አይሰድበውም። እንዲያውም በየመድረኩ «ባህላችን» እየተባለ ይመሰገናል። ምስጋናው እየበዛ ትእዛዙ እየጠፋ ሄደ። የሰፈሬ ልጆች ጉድጓዱን በሳንቃ ከድነው አልጋ ዘርግተውበታል። ቀን ሥራ የገባ አለ፣ ሞተር ሳይክል ላይ የወጣ አለ። አልፈርድባቸውም። ግን አባቴ በከንፈሩ የሚቆጥረው ቁጥር የትም አልተጻፈም። ከእሱ ጋር አብሮ ቁጭ ብሎ የሚያየው ልጅ ከሌለ ከእሱ ጋር ይሄዳል። እኔ ራሴ ነጩን እንጂ ጥለቱን አልችልም። ይህ ያንገበግበኛል።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ለሚቀጥለው በዓል ዘገባ ስትሠሩ ፎቶ አንሺያችሁ ከአስፋልቱ ዳር አይመለስ። ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ኮረኮንች ጥቂት ሽቅብ ይውጣ። ጠዋት ይምጣ፤ አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ጥለት የሚሠራው ፀሐይ በመስኮቱ በምትገባበት ሰዓት ብቻ ነው። ጥያቄውን ግን ቆጥሮ እስኪጨርስ ያቆይለት።

አክባሪያችሁ፣
የሸማኔ ልጅ፣ ከሽሮ ሜዳ