ለመመረቂያ ጽሑፎቻችን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ይጻፍላቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ከደሴ የምጽፍላችሁ በሂሳብ መምህርነትና በድኅረ ምረቃ አማካሪነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ደጋግሞ ስላሳዘነኝ፣ መፍትሔው ግን በእጃችን ስላለ አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር ተቀናብሮ እስከ ጥራዝ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ባለፈው ሰኔ አንዲት ተማሪዬ ጽሑፏን ለፈታኞች የምታስረክብበት ዋዜማ መብራት ሲመጣ ሲጠፋ አመሸ። የላፕቶፗ ባትሪ ስላለቀ ፋይሎቹን በፍላሽ ወስዳ በሰው ኮምፒውተር ላይ ገለበጠች፤ ጽሑፍን ለኅትመት የሚያቀናብረውን ፕሮግራም፣ ላቴክን፣ ሁለት ጊዜ አስኬደችና ወደ ኮፒ ቤት ሮጠች። አምስት ቅጂ ታትሞ ተጠረዘ። በማግስቱ ከፈታኞቹ አንዱ ሲገልጡት ዋቢ መጠቀስ በነበረበት ቦታ ሁሉ በቅንፍ የታጠረ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል፤ በማውጫው ላይ የተጻፉት የገጽ ቁጥሮችም ከትክክለኛው በሁለት ገጽ ያንሳሉ። የሁለት ዓመት ድካሟ ከመነበቡ በፊት ግድየለሽ ተባለች። ልጅቷ ግን ግድየለሽ አልነበረችም፤ ማንም ያልጻፈላትን ቅደም ተከተል በድካም ሰዓት ከጭንቅላቷ ማስታወስ ነበረባት።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ላቴክ የመጀመሪያውን ገጽ ሲያቀናብር አምስተኛው ምዕራፍ በስንተኛው ገጽ እንደሚጀምር ገና አያውቅም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የምዕራፎቹን፣ የሠንጠረዦቹንና የዋቢዎቹን መለያ በአንድ ረዳት ፋይል ላይ መዝግቦ ያልፋል። የሐይቅ እስጢፋኖስን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ቁም ጸሐፊ በጥቁሩ ቀለም ሲጽፍ በቀይ የሚጻፈውን ስም ቦታ ትቶለት አልፎ በኋላ እንደሚመለስበት ሁሉ፣ ላቴክም የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ያልፍና በሚቀጥለው ዙር ይሞላዋል። የዋቢ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ደግሞ ቢብቴክ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። በተለመደው አሠራር ላቴክ፣ ከዚያ ቢብቴክ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ላቴክ መሄድ አለባቸው፤ ማውጫው ራሱ ሲሞላ ተከታዮቹን ገጾች ከገፋቸው አንድ ተጨማሪ ዙር ያስፈልጋል። ተማሪዬ የዘለለችው ቢብቴክንና የመጨረሻዎቹን ዙሮች ነበር።

ይህን የሚያስታውስ ሰው አያስፈልግም። ላቴክሜክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ረዳት ፋይሎቹን እያነበበ፣ ቢብቴክ ሲያስፈልግ ራሱ እየጠራ፣ የሚለወጥ ነገር እስኪጠፋ ድረስ ሥራውን ይደግማል። ላቴክን ከነመሣሪያዎቹ ከሚያቀርበው ከቴክ ላይቭ ጋር አብሮ ይመጣል፤ በዊንዶውስ ላይ ሌላውን ተመሳሳይ ስብስብ፣ ሚክቴክን፣ የሚጠቀም ሰው ግን ላቴክሜክ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፐርልን፣ ለብቻው መጫን ይኖርበታል። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው። ይህች አንድ መስመር በስክሪፕት (ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች በሚጻፉበት ፋይል) ተጽፋ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ፎልደር ብትቀመጥ ኖሮ፣ ያ የሰኔ ሌሊት እንደዚያ ባላለፈ ነበር።

ከጥያቄ ምልክቱ የሚብሰው ግን በዓይን የማይታየው ስሕተት ነው። ስለ ተሁለደሬ ወረዳ ዝናብ ያጠና ሌላ ተማሪ በመረጃው ውስጥ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ወር አግኝቶ አረመ፤ ሠንጠረዡንም አስተካከለ፤ ግራፉን ግን ከእርማቱ በፊት ስላወጣው ሳይለወጥ ቀረ። ሠንጠረዡ አንድ ነገር፣ ግራፉ ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። እኔም አማካሪው ሆኜ ሳላየው አለፈ፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ሜክ የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው ከዚህ ጋር በሚመሳሰል ብስጭት ምክንያት ነው፤ አንድ ባልደረባው ስሕተቱን አርሞ ሳለ የታረመው ፋይል እንደገና ኮምፓይል ስላልተደረገ (ወደ ማሽን ቋንቋ ስላልተተረጎመ)፣ ትክክለኛ የሆነን ፕሮግራም ሲመረምር ግማሽ ቀን አቃጥሎ ነበር። ሜክ የሚሠራው በቀላል ሐሳብ ነው። ግራፉ ከመረጃው፣ ጥራዙ ከግራፉና ከምዕራፎቹ እንደሚወለድ ሜክፋይል በሚባል ጽሑፍ ይነገረዋል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ፋይል የመጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓት ያነጻጽራል፤ መረጃው ከግራፉ አዲስ ከሆነ ግራፉን እንደገና ያወጣል፤ ያልተለወጠውን አይነካም። የዝናቡ ተማሪ ይህ ቢኖረው ኖሮ አሮጌው ግራፍ ወደ ጥራዙ መግቢያ አያገኝም ነበር። ለጀማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በሜክፋይል ውስጥ የትእዛዝ መስመር የሚጀምረው በታብ ቁልፍ እንጂ በባዶ ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ ከሌላ ሰነድ ላይ ሲገለበጥ ታቡ ወደ ባዶ ቦታ ከተለወጠ ሥራው በመጀመሪያው መስመር ይቆማል።

በአማርኛ ለሚጽፉት ተማሪዎች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የግእዝ ፊደል ያለ ችግር የሚቀናበረው የዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት በአንድነት የሚያቅፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) ፎንት በቀጥታ በሚያነቡት የላቴክ ዓይነቶች፣ በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ ነው፤ ተማሪው በልማድ የቆየውን ፒዲኤፍላቴክ ካስኬደ ግን ሥራው በስሕተት መልእክት ይሞላል። ስክሪፕቱ የትኛው እንደሚጠራ አንዴ ከወሰነ ይህ ጥያቄ አይነሳም። የስማችን ነገርም አለ። ቢብቴክ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ በብዙ የዋቢ አጻጻፍ ስልቶች የኢትዮጵያዊውን ደራሲ የአባት ስም አስቀድሞ፣ የራሱን ስም አሳጥሮ በአንድ ፊደል ያስቀረዋል። ሙሉ ስሙ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ አይነካውም። ይህን በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በየግላቸው እየተሳሳቱ ከሚማሩት፣ ከስክሪፕቱ ጋር በሚሰጥ ቴምፕሌት (አስቀድሞ በተዘጋጀ የጽሑፍ ቅርጽ) ውስጥ በአንድ ምሳሌ ቢታይ ይበቃል። (ፊደላችንን ካነሳሁ፣ የእነዚህ ሁሉ መሠረት የሆነውን ቴክ የተባለ ፕሮግራም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 የጀመረው ዶናልድ ክኑት «ቴክ» የሚለው ስም የመጨረሻ ፊደል የግሪኩ ኪ መሆኑን ተናግሯል፤ ያን ድምፅ በትክክል የሚጽፍ «ኽ» ያለን እኛ ነን።)

ወሎ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ይህን ጉዳይ በሌላም ምክንያት ልናስብበት ይገባል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ስንት ቢሮ ተዘርፎ ስንት ኮምፒውተር እንደጠፋ የከተማው ሰው ያውቃል። በእጃቸው የቀረው የታተመ ጥራዝ ብቻ የነበረ ባልደረቦቼ ሠንጠረዦቻቸውን ቁጥር በቁጥር መልሰው ሲተይቡ አይቻለሁ። የላቴክ ጽሑፍ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ከነምዕራፎቹ ቢደመር ከአንድ ፎቶግራፍ የማይበልጥ ቦታ ስለሚይዝ በስልክ ላይ ይቀመጣል፣ በቴሌግራም ለዘመድ ይላካል። ከጎኑ ስክሪፕቱ ካለ፣ አዲስ ኮምፒውተር የተገኘ ዕለት ጥራዙ በአንድ ትእዛዝ ተመልሶ ይወጣል። በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ የላቴክ አገልግሎቶች መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ኔትወርክ ለሳምንታት ሲጠፋ ከሩቅ ያለ ሰነድ ምን እንደሚጠቅም አይተነዋል።

ስለዚህ በአካባቢያችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የኅዳግ ስፋትና የፊደል መጠን የሚዘረዝረውን መመሪያ በወረቀት ብቻ ከሚሰጡ፣ መመሪያውን የሚፈጽም ቴምፕሌትና ስክሪፕት ለተማሪው ያስረክቡ። ጽሑፉ ሲጠናቀቅም ከጥራዙና ከፒዲኤፉ ጋር የጽሑፉን ምንጭ ፋይሎች፣ መረጃውንና ስክሪፕቱን ለቤተ መጻሕፍት ያስገቡ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ትእዛዙን ሰጥቶ ያው ሰነድ ተመልሶ ሲወጣ ካየ ብቻ ይቀበል።

በማይክሮሶፍት ወርድ የሚጽፉ ብዙ እንደሆኑ፣ ለአንዳንድ የትምህርት ክፍልም እርሱ እንደሚሻል አልክድም፤ የምጠይቀው ላቴክን ለመረጡትና ቀመር ለበዛባቸው ክፍሎች ነው። መምህራኑ ጊዜ የላቸውም የሚለውን መልስ ግን አልቀበለውም፤ ለተማሪዎቼ የማሳየው ስክሪፕት 14 መስመር ብቻ ነው፤ ማስተማሩም አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም። እርሱንና ከእርሱ ጋር ያዘጋጀሁትን የአማርኛ ቴምፕሌት ለሚፈልግ ክፍል ሁሉ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ ከአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ በፊት ከተጠራሁም ኮምቦልቻም ሆነ ወልድያ መጥቼ አሳያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሂሳብ መምህር፣ ከደሴ