ለአባላት በሙሉ፦ በፋብሪካዎቻችን ስለሚባክነው ውሃ

የተከበራችሁ አባላት፣

ቁጠባው ከቆጣሪው ይጀምር። ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲቆም ታንከሩ ሞልቶ መግቢያው መዘጋቱን አይታችሁ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዝጉ፤ የቆጣሪውን ንባብ ከነቀያዮቹ አሃዞች መዝግቡ፣ እሑድ ጠዋት ድገሙት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። መስመሩ ውሃ በሌለው ሌሊት ግን ምርመራው ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ የታንከሩን ተንሳፋፊ ቫልቭ (ታንከሩ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋውን) ጠርጥሩ። የቫልቩ መዝጊያ ጎማ ሲያልቅ አይዘጋም፤ ትርፉ በማስተንፈሻው ቱቦ ወደ ቦይ ስለሚወርድ ወለሉ ደረቅ ይሆናል፣ ማንም አያስተውለውም። ተንሳፋፊውን በእጅ ወደ ላይ ስትይዙት ውሃው ካልቆመ ጎማውን ቀይሩ።

ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ) ያላችሁ፣ ከእንፋሎት የሚመለሰውን ትኩስ ውሃ አትድፉት፤ ወደ መጋቢው ታንከር ስትመልሱት ነዳጅም ይቆጥባል። ቀለም ወይም ቅባት ከታየበት ግን እንፋሎቱ የሚያልፍበት የማሞቂያ ቱቦ ተበስቶ ሊሆን ይችላልና ወደ ቦይለር አይግባ።

ወለል ሲታጠብ ደረቁ ቆሻሻ አስቀድሞ ይጠረግ። በደቂቃ 20 ሊትር የሚያወጣ የማጠቢያ ጎማ ለሩብ ሰዓት ክፍት ቢተው 300 ሊትር ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ መዝጊያ ግጠሙ።

ፍሳሽን በንጹሕ ውሃ ማቅጠን ማጣራት አይደለም። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ሳይቀነስ ጣና ወይም ዓባይ ይገባል፣ እምቦጭም የሚፋፋው በዚሁ ነው።

የሁለቱን ቀን ንባብ ለቀጣዩ ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።