ምች አይደለም፣ እማዬ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሑድ ስንነጋገር ስልኩ ተቋረጠና ዋናው ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ጽፌዋለሁ፤ ወንድሜ በስልኩ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ያነብልሻል። እህቴም አጠገባችሁ ትቀመጥና ትስማ።

የመጀመሪያ ልጇን አንቺ ቤት ልትወልድ መምጣቷ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ፊቷ እንዳበጠና ራሷን እንደሚያማት፣ አንቺም «ምች ነው» ብለሽ ዳማከሴ ጨምቀሽ እንደሰጠሻት ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ጤና ጣቢያ የደም ግፊቷን ሲለኩ 148 በ96 ሆነ አለችኝ። አንቺ ደግሞ «ዳገቱን ወጥታ ስለደረሰች ነው» አልሽ። ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው እንድታርፍ አድርገው ቢያንስ ከ4 ሰዓት በኋላ የሚደግሙት። ሁለተኛውም 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የዳገቱ አይደለም።

እንደምታውቂው የምሠራው ኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች አራት አራት ሰዓት ከማሽኑ ጋር የምትውል የሁለት ልጆች እናት አለች። በሁለቱም እርግዝናዋ የደም ግፊት ነበረባት፤ ከወለደች በኋላ «አለፈ» ተብሎ ማንም አልተከታተላትም። ክንዷ ላይ መርፌውን ባስገባሁ ቁጥር እህቴ ትታወሰኛለች።

እኔ የምፈራው ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉትን የእርግዝና የደም ግፊት በሽታ ነው። የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው። ጓሮሽን ስታጠጪ ውኃው እስከ ጎመኑ እንዲደርስ ቦዩን በዶማ ታሰፊ የለም? እንግዴ ልጅም በመጀመሪያዎቹ ወራት የማሕፀንን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲሁ ያሰፋል። በአንዳንድ እናቶች ላይ ግን ሥሮቹ ሳይሰፉ ይቀራሉ። ደም ያነሰው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም አንድ ፕሮቲን በብዛት ይለቅቃል፤ ፕሮቲኑም የደም ሥሮችን ውስጠኛ ገጽ በጤና የሚያቆዩትን ንጥረ ነገሮች እየያዘ ያስቀራቸዋል። ይህን በ2003 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ያሳዩት አናንት ካሩማንቺ የተባሉ የኩላሊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፕሮቲኑ በነፍሰ ጡር አይጦች ደም ውስጥ እንዲበዛ ሲያደርጉ የደም ግፊታቸው ጨመረ፣ ኩላሊታቸውም ተጎዳ።

አንድ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ረቂቅ ወንፊቶች አሉ። በእርግዝና ጊዜ ከወትሮው በግማሽ ያህል የበለጠ ያጣራሉ፤ ስለዚህ ለእኔ ደህና የሚባለው የክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ቁጥር ለእህቴ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ በሽታ የወንፊቱ ሕዋሳት ያብጡና ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ፤ በደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ከተቀደደ ማጥለያ እንደሚወጣ ወደ ሽንት ያመልጣል። ሽንቷን በወረቀት የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ፈሳሹ ከደም ሥር እየሾለከ ፊትና እጅን ያሳብጣል።  በሽታው ወደ አንጎል ደርሶ ሲያንዘፈዝፍ ስሙ ኤክላምፕሲያ ነው።

እማዬ፣ አክስቴን አስታውሻት። ኩታበር፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን ሲያማት «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» ትል ነበር። ልጅ ብሆንም ሰምቻታለሁ። ሲያንዘፈዝፋት ጋኔን ነው ተባለ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ያን ጊዜ ክንዷን የለካ ሰው አልነበረም። አንቺም እስከ ዛሬ «ጠንቀቅ ብዬ ብጠብቃት ኖሮ» እያልሽ ታለቅሻለሽ። ያላደረግሽውን በራስሽ ላይ አትጫኚ፤ ማንም አልነገረሽም ነበር።

ዛሬ መድኃኒት አለ። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለውን በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. አወጡ፤ የማንዘፍዘፉን አደጋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ነርሶቹ ሽንቷን ቢለኩ፣ ጉልበቷን በመዶሻ ቢነኩ አትደንግጪ፤ መጠኑ እንዳይበዛባት ነው። በሽታውን ከሥሩ የሚነቅለው ግን እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ቀኗ ሳይደርስ ትውለድ ቢሉ እሺ በያቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ የአንቺን የደም ግፊት ክኒን እንዳትሰጫት። ኢናላፕሪል የሚባለው ክኒንሽ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር የሚሆኑት እንደ ሜቲልዶፓና ኒፈዲፒን ያሉት ናቸው፤ እነሱንም ሐኪም ይዘዝላት።

ከወለደችም በኋላ አታምኚው። በሽታው አራስ ቤት ውስጥ ሊነሣ ይችላል፤ ይልቁንም በመጀመሪያው ሳምንት። ገንፎውን እያገነፋሽ ሳለ ራሴን አመመኝ ካለች፣ ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ከቀኝ ጎድኗ ሥር ከወጋት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ለምች የሚሆን ቅጠል አትፈልጊ፤ መኪና ፈልጊ። ቁጥሩ 160 በ110 ከደረሰ ምንም ሕመም ባይሰማት እንኳ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትድረስ።

የክንድ መለኪያ ገዝቼ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። 5 ደቂቃ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን መሬት አስነክታ ትቀመጥ፤ ክንዷ በልቧ ትክክል ይሁን፣ በእጅጌ ላይ አትጠምጥሙት። ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ ጻፉልኝ። እስከዚያ ግን መለኪያውን አትጠብቂ፤ ይህ እንደተነበበ ነጠላሽን ደርበሽ ይዘሻት ውጪ። ወንድሜ ቁጥሩን ይላክልኝ፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ስልኬ ክፍት ነው።

ናፋቂ ልጅሽ