ሦስት ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣ ኮምቦልቻ

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል የሐረጎ ዳገት ብቻ እያለ ይህን ያህል መጠፋፋታችን ያሳፍራል፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እንካፈለዋለን። አሁን ወደ መኪናህ፣ ወደ ቶዮታ ሴሊካህ ልግባ። ሦስት ሴንሰር ግዛ ተብለሃልና ብርህን ሳታወጣ ይህ ቢደርስህ ይሻላል።

የላክኸውን ቪዲዮ አየሁት። የቼክ ኢንጅኑ መብራት ሁለቴ ብልጭ ይልና ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሁለቴ ብልጭ ይላል፤ ያ 22 የሚል የብልሽት ኮድ ነው። ከዚያ 31፣ ከዚያ 41 ይመጣል። 22 የሞተሩ ውኃ ሙቀት ሴንሰር ነው፣ 31 የማፕ፣ ማለትም መኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቧንቧ) ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው ሴንሰር፣ 41 የስሮትሉ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተውን የአየር በር የሚከታተለው። ኮዱ የሚነግርህ ግን ኮምፒውተሩ በዚያ መስመር ላይ የሚጠብቀውን ቮልት እንዳላገኘ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ይሙት፣ ሽቦው ይበጠስ፣ ሶኬቱ ይዛግ፣ እሱ አይለይም። ሦስቱ አብረው ከመጡ ደግሞ ሦስት ሴንሰር ባንድ ጊዜ ሞተ ከማለት በፊት የሚጋሩትን ሽቦ መፈለግ ነው። የሚጋሩት የሴንሰሮቹን ማሳ፣ ማለትም ወደ ኔጌቲቭ የሚመለሰውን ሽቦ ነው፤ ቶዮታ ኢ2 ይለዋል። ማፕና ስሮትል 5 ቮልቱንም ይጋራሉ፣ የውኃው ሴንሰር ግን ያንን አይነካም። ስለዚህ የእኔ ጥርጣሬ ኢ2 ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አሮጌውን ኮድ አጥፋ። ቁልፉ ክፍት ሳለ አንድ ሰው ሶኬት ነቅሎ ከሰካ ኮዱ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ባለፈው የሞተሩን ክዳን የከፈቱት ሰዎች ያስቀሩልህ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን ጻፍ፣ ቁልፉን ዝጋ፣ 15 አምፔሩን የኢኤፍአይ (የቤንዚን መርጫው) ፊውዝ አውጥተህ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅና መልሰው። ከዚያ ነድተህ እንደገና አንብብ።

ስታነብ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ኤሲውና መብራቱ ተዘግቶ፣ ባትሪው ከ11 ቮልት በላይ ይሁን። ኮፈኑ ሥር ዲያግኖሲስ የሚል ክዳን ያላት ጥቁር ሳጥን አለች፤ የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኝና ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። እዚያው ሳጥን ውስጥ ፕላስ ቢ የሚባል ቀዳዳ አለ፤ በስህተት እሱን ከኢ1 ጋር ካገናኘህ ፊውዝ ይቃጠላል። 51 ብታይ አትደንግጥ፤ እግርህ ቤንዚን ፔዳሉ ላይ ነው ወይም ኤሲው አልጠፋም። መብራቱ ሳያቋርጥ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ ኮድ የለም ማለት ነው። በብሉቱዝ የሚሠራውን ማንበቢያ ለመሸጥ የሚመጣብህን ሰው አትስማው፤ ከ1996 በፊት በተሠራች ሴሊካ የሚሰካበት ቦታ የለም።

ሦስቱ ከተመለሱ የስሮትሉን ሶኬት ንቀልና ቁልፉን ክፈት። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ቀይ ጫፍ ቪሲ በሚባለው፣ 5 ቮልቱ በሚመጣበት ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርግ፤ 4.5 እስከ 5.5 ቮልት መምጣት አለበት። አሁን ቀዩን ሳታነሳ ጥቁሩን ወደ ኢ2 አዙረው። ቮልቱ ከጠፋ ወይም በጣም ከወረደ በሽታው ተገኘ፤ ሴንሰሮቹ ንጹሕ ናቸው። ቀጥሎ ቡናማውን ሽቦ ተከትለህ ሂድ። የኮምፒውተሩ ማሳ ኢንቴክ መኒፎልዱ ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ሞተር ወርዶ በወጣ መኪና ላይ ያ ቡሎን ሳይጠብቅ ወይም ከሥሩ ቀለም ተቀብቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ አጥብቀው።

ኢ2 ደህና ሆኖ አንዱ ኮድ ብቻ ከተመለሰ ያን ጊዜ ሴንሰሩን ለካ። የውኃው በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ነው። ድስት ላይ ከፈተንከው ቴርሞሜትር ተጠቀም፣ መፍላቱን 100 ዲግሪ ነው ብለህ አትቁጠር፤ እዚህ ደሴ ውኃ 92 ግድም ሲሆን ይፈላል፣ እናንተ ጋ ከ94 ብዙም አይርቅም። ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ባለ ሁለት ሽቦው ነው፤ ባለ አንድ ሽቦው የዳሽቦርዱ ነው፣ ሰዎች ሁሌም እሱን ይለውጣሉ። ይህ መስመር ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሞተሩን 80 ዲግሪ እንደደረሰ ይቆጥረዋል፤ ጧት አልነሳም ብላ ሲሞቅ ደህና የምትሆነው ለዚያ ነው።

ስሮትሉ ሲዘጋ ከ0.3 እስከ 0.8፣ ሙሉ ሲከፈት ከ3.2 እስከ 4.9 ቮልት ያሳያል። በመካከል ሳይዘል በእኩል መውጣት አለበት፤ መርፌ ያለው ቴስተር ካለህ ለዚህ ከዲጂታሉ ይሻላል።

ማፑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማኑዋሉ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ከ3.3 እስከ 3.9 ቮልት ይላል፣ ይህ ግን ለባሕር ጠረፍ ነው። ግፊቱ በ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ሴንሰሩ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከ760 ወደ 560 ይወርዳል፤ ስለዚህ 2.8 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ስለሆነች ያው ሴንሰር ወደ 3 ቮልት ይጠጋል። 2.8 አይቶ ሞቷል የሚልህ ካለ ማኑዋሉን ያለ ከፍታው አንብቧል። ሌላም ነገር አለ፦ ከመኒፎልዱ ወደ ማፑ የሚሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅ 31 አይመጣም። ቮልቱ ከወሰን አልወጣማ። ግን ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ቱቦውን ጫፍ ጫፉ ላይ አጥፈህ እየው፤ ስንጥቁ ካልታጠፈ አይታይም።

ኮዱን አጥፍተህ ማሳውን ካጸዳህ በኋላ ሐረጎን ውጣ፣ ሞተሩ እንደሞቀ የሚመለሰውን ቁጥርና የቪሲ ንባቡን ላክልኝ። 21 ከታየህ ግን፣ ያ የኦክሲጂን ሴንሰሩ ኮድ ነው፣ ሴንሰሩን አትንካው፤ መጀመሪያ ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ጋስኬት አየር እንደማያስገባ እይ።

እናትህ ዱአ ያድርጉልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ