የክበባት ዘገባ፦ የምግብ ዝግጅት ክበብና የኬንቺንጂሩ ድስት

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ አማርኛ ለማስተማር የተቋቋመ የቅዳሜ ትምህርት ቤት የጃፓን ሾርባ የሚያበስል ክበብ ለምን ያስፈልገዋል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በዕለቱ የሰጠሁት መልስ በቂ ስላልነበረ እዚህ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊቀ መንበርና ጸሐፊ መረጥን፤ የተራ ዝርዝር አወጣን፤ ስለ ቢላ አያያዝ ተማርን። ዋናው ሥራ የተጀመረው ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ጾሙ ቶኪዮ ላይ ብርዱ ከሚጠናበት ወቅት ጋር ስለሚገጥም ልጆቻችን የአትክልትና የቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ እንደ አይብ ያለ ምግብ) ድስት በየቦታው ሲንተከተክ እያዩ ያምራቸዋል፤ ነገር ግን ሥጋ የሌለበት የሚመስለው መረቅ እንኳ ብዙውን ጊዜ ደርቆ በስሱ ከተላገ ዓሣ የሚወጣ ነው። እኛም ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው፤ የገዛነው የመረቅ ዱቄት ዓሣ እንዳለበት አንዲት ተማሪ ከማሸጊያው ጀርባ ያነበበችልን ድስቱ ከፈላ በኋላ ነበር።

መፍትሔ ፍለጋ ወደ ካማኩራ ከተማ ሄድን። በዮኮሱካ የባቡር መስመር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኪታ ካማኩራ ወረድንና በ1253 እ.ኤ.አ. ወደተመሠረተውና በሥርዓቱ ሥጋም ዓሣም ወደማይበላበት የዜን ቡድሂስት ገዳም፣ ወደ ኬንቾጂ፣ በእግር አቀናን። ኬንቺንጂሩ የተባለው ሾርባ ስሙን ያገኘው ከዚህ ገዳም እንደሆነ በሰፊው ይነገራል፤ ቶፉ መሬት ላይ ወድቆ ቢፈራርስ፣ ከቻይና የመጡት መሥራቹ መነኩሴ ራንኬ ዶርዩ አጥበው ከአትክልቱ ጋር ድስት ውስጥ ጨመሩት የሚል ትውፊትም አለ። ቶፉው በቢላ ሳይቆረጥ በእጅ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው ይባላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮምቡ የተባለውን የባሕር ሣርና የደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ከዋዜማው ዘፍዝፈን መረቁን አወጣን። ውኃው የተጨመቀውን ቶፉ ፈርፍረን ከነጭ ፍጅል፣ ከካሮት፣ ጎቦ ከተባለ፣ በስሱ ከተላገ የአትክልት ሥርና ከጎደሬ ጋር በሰሊጥ ዘይት አቁላላን፤ መረቁን ከለስንበት፤ አረፋውን እየገፈፍን አትክልቱ እስኪለሰልስ በዝግታ አበሰልን፤ በመጨረሻም ሾዩ የተባለውን የአኩሪ አተር ስጎ ጨመርን። በገዳሙ ሥርዓት ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ ያለ ሽንኩርት የሚጀመር የጾም ምግብ እናቶችን እስከ መጨረሻው አላሳመነም። ጥሬ ጎደሬ የላጡ ሁለት ልጆች እጃቸው እያሳከካቸው መዋላቸውንም አልደብቅም፤ ጓንት አልነበረንም።

የዓመቱን ድካም ያስረሳኝ ግን አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው። የብርዱን ወራት ከልጃቸው ጋር ሊያሳልፉ ከአዲስ አበባ የመጡት አያቱ፣ ጾም እንዳይገድፉ ሲሉ ከቤት ውጭ ምንም አይቀምሱም ነበር። ልጁ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ቀረበና «እማማ፣ ይሄ የጾም ነው፤ የሚበሉት...» ብሎ ቆመ። በጃፓንኛ «ኦቦሳን» ማለቱን ሰማሁ። ልረዳው ስነሣ ራሱ «መነኩሴዎች!» አለ። አያቱም «የየት ገዳም መነኮሳት ናቸው ልጄ?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም የወደቀውን ቶፉ ታሪክ ቃል እየፈለገ፣ አንዳንዴም በእጁ እያሳየ፣ እስከ መጨረሻው በአማርኛ ተረከላቸው። ቀመሱና «ይሄማ ጎደሬ ነው!» አሉ፤ ይጨመርልኝም አሉ። ይህ ልጅ በክፍል ውስጥ ከሦስት ቃል በላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለስብሰባው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

የእግር ኳስ ክበቡ ዘንድሮ አዲስ መለያ ማግኘቱ ደስ ብሎናል። እኛ በተከራየነው አዳራሽ ባሉት ሁለት ምድጃዎች በየተራ እያበሰልን ነው፤ ትልቁን ድስት ያመጣሁት ከቤቴ ነው፤ የካማኩራውን የባቡር ሒሳብም ወላጆች አዋጥተው ከፍለዋል። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ተንቀሳቃሽ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ትልቅ ድስትና የአንድ ጉዞ የትራንስፖርት ወጪ ነው፤ ጓንቱን እኛው እንገዛለን።